ወንድሜ ለደመና ብሎ ወገኑን ትቶ ይሂድ?

የሄርማታዋ፦ ሰላም የጅማ ልጆች፣ እንዴት ሰነበታችሁ? አንድ ጉዳይ ቤታችንን ለሁለት ከፍሎታልና ፍረዱን። ታላቅ ወንድሜ አሜሪካ፣ ፊኒክስ ነው የሚኖረው፤ ከሄደ 14 ዓመቱ። የጭነት መኪና ይነዳል። የዚያን ከተማ ሙቀት ሳትሰሙ አትቀሩም። በእነሱ አቆጣጠር በ2023 የቀኑ ሙቀት 31 ቀን በተከታታይ 43 ዲግሪን አልፏል። በ2024 ደግሞ 113 ቀን ሙሉ 38 ገደማና ከዚያ በላይ ሆኖ ከረመ።

ባለፈው እሑድ ስንደዋወል እዚህ ዝናብ ነበር። ቆርቆሮው ላይ ዶፉ ሲወርድ ሰማና "እስቲ ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠጊልኝ" አለኝ። አስጠጋሁለት። ምንም ሳይናገር ብዙ አዳመጠ። ከዚያ "በቃኝ፤ ትንሽ፣ ቀዝቃዛ፣ ደመና የማይለያት የባሕር ዳርቻ ከተማ ፈልጌ እገባለሁ" አለ። በልቡ ያሉት ሁለት ናቸው፤ ኦሪገን ያለችው አስቶሪያና ሰሜን ካሊፎርኒያ ያለችው ዩሪካ። እናታችን "ዕድሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የልጁ ክርስትና አባት ሁሉ ፊኒክስ አይደሉም ወይ? ሰው የሌለበት አገር ሄዶ ቢታመም ማን ውኃ ያቀብለዋል?" ብላ ሁለት ቀን አላናገረችውም። እኔ ግን ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ልቤ ከእሱ ጋር ነው። ሰው ለአየር ብሎ ወገኑን ትቶ ቢሄድ ጥፋት ነው? ከሄደስ የትኛዋ ትሻለዋለች?

የቡና ነጋዴው፦ እህቴ፣ እኔ አይሂድ ባይ ነኝ። እናትሽ ልክ ናቸው። ሙቀትን ማሽን ያበርደዋል፤ ብቸኝነትን የሚያበርድ ማሽን የለም። ወላሂ ስንቱን አይቻለሁ፤ ወገን ካለበት ርቆ የሄደ ሰው ስልክ ማንሳት ራሱ እየተወ ነው የሚመጣው።

ነርሷ፦ እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ስለ ሙቀት ስናወራ ስለ ምቾት የምናወራ እየመሰለን ነው። ፊኒክስ ያለችበት ማሪኮፓ አውራጃ በ2023 ብቻ ከሙቀት ጋር በተያያዘ 645 ሰው መሞቱን መዝግቧል። ማሽን ያበርደዋል ያሉት ወንድሜ፣ ማሽኑ ቤት ውስጥ ነው ያለው። ጭነት የሚያስር፣ የሚፈታ፣ በጠራራ ፀሐይ አስፋልት ላይ ቆሞ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ማሽን አይደርስለትም። ላቡ ይወጣል፣ ውኃው ያልቃል፣ ኩላሊቱ ይጎዳል። ዕድሜው ስንት ነው? ግፊት አለበት?

የሄርማታዋ፦ 47 ነው። ግፊት ከጀመረው ሦስት ዓመቱ፤ መድኃኒት ይወስዳል።

ነርሷ፦ እንግዲያው ከዚያ ይውጣ። ለግፊት ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ሽንት የሚያበዙ ናቸው፤ በዚያ ሙቀት ላይ አደገኛ ነው። የሚወስደውን ለሐኪሙ ጠቅሶ ይጠይቅ። የት ይግባ ለሚለው መልስ የለኝም፤ መውጣቱን ግን እደግፋለሁ።

መምህሩ፦ ልጆቼ፣ ጂኦግራፊ ሳስተምር ነው ዕድሜዬ ያለፈውና ትንሽ ልበል። የባሕር ዳርቻ ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። ምጽዋን ያየ ያውቃል፤ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 30 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ቀይ ባሕር ራሱ ሙቅ ነውና። ያ ልጅ የጠራቸው ከተሞች የሚቀዘቅዙበት ምክንያት ሌላ ነው። ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድ ቀዝቃዛ የውቅያኖስ ጅረት በደጃቸው ያልፋል። በበጋቸው ደግሞ ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ የላዩን ውኃ ከዳርቻው እየገፋ ሲያርቀው፣ ከሥር ያለው በጣም ቀዝቃዛ ውኃ ይወጣል። እርጥብ አየር በዚህ ላይ ሲያልፍ ጉም ይሆናል። ስለዚህ ዩሪካ በሐምሌ እኩለ ቀን ላይ 17 ወይም 18 ዲግሪ ገደማ ናት፤ በዚያው ቀን ከዳርቻው ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ የገባ ሰው 30 ዲግሪን ያልፋል። "ከባሕሩ ቅርብ ነው" ተብሎ ተራራ ተሻግሮ ቤት እንዳይከራይ ንገሪው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጅማ ወይና ደጋ ናት፣ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንብልናል። አስቶሪያ 1,700 ገደማ ታገኛለች። በቁጥር ሲያዩት እህትማማች ናቸው፤ አወራረዱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። የእኛ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ዶፍ ሆኖ ይወርድና ያባራል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ መንገዱ ይተናል። የእነሱ ቀኑን ሙሉ ካፊያ ነው፤ ወቅቱም ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ ቀኑ አጭር በሆነበት ጊዜ። በታኅሣሥ እዚያ ቀኑ 8 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ነው፤ ፀሐይ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። ጅማ በጣም ባጠረ ቀን እንኳ 11 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብርሃን አላት። ልጁ የናፈቀው የልጅነቱን ደመና ከሆነ፣ እዚያ የሚያገኘው ሌላ ደመና መሆኑን አውቆ ይሂድ።

የፖርትላንዱ፦ መምህር፣ እጅ እነሳለሁ። እኔ የጅሬን ልጅ ነኝ፤ አስቶሪያ ሁለት ክረምት ኖሬያለሁ፣ አሁን ፖርትላንድ ነኝ። ያየሁትን ልናገር።

መጀመሪያ ደስታውን። ወደ አሥር ሺህ ሰው ያላት ከተማ ናት፤ ታላቁ የኮሎምቢያ ወንዝ ውቅያኖስ የሚገባበት አፍ ላይ። ጠዋት መጋረጃ ስትገልጥ ወንዙ ላይ መልሕቅ ጥለው ተራ የሚጠብቁ መርከቦች በጉም ውስጥ ግማሽ ግማሻቸው ይታያል። ወደ ዋሽንግተን የሚያሻግረው ድልድይ ከስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል፤ መጨረሻው ደመና ውስጥ ይገባና ይጠፋል። ሌሊት የባሕር አንበሶች ወደቡ ላይ ሲጮኹ ያድራሉ፤ ከለመድከው በኋላ እንደ ጅማ የጅብ ድምፅ ነው፣ ያለሱ እንቅልፍ አይመጣም። የሱቁ ሰዎች በሁለት ሳምንት ስሜን አወቁ። በሐምሌ ሹራብ ለብሼ ስሄድ እግዚአብሔርን አመሰግን ነበር።

አሁን የከበደኝን። የተከራየሁት ቤት አሮጌ የእንጨት ቤት ነበር። አባቴ የሰጡኝን የቆዳ ጫማ አልጋ ሥር አስቀምጬ ከወር በኋላ ባወጣው አረንጓዴ ለብሷል። እርጥበት የሚመጥ ማሽን ገዛሁ፤ ባልዲውን ጠዋትና ማታ እደፋለሁ፣ ሁለቴም ሞልቶ ነው የማገኘው። አከራዩ "መስኮት ክፈት" ይለኛል፤ ስከፍት ካፊያው ይገባል። ለቅዳሴ ፖርትላንድ ድረስ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሁለት ሰዓት እነዳ ነበር። በበጋ ስትነዳው የሚያምር መንገድ ነው። በታኅሣሥ ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥተህ፣ ጫካውን በዝናብ አቋርጠህ ስትሄድ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ከዚያ በወር ሁለቴ፣ በኋላ ለበዓል ብቻ ሆነ። የገና ዕለት ብቻዬን ቡና አፍልቼ ሦስቱንም ስኒ ራሴ ጠጣሁ፤ በሳምንቱ ለቅቄ ወጣሁ።

የቡና ነጋዴው፦ ይኸው! ይህንኑ ነበር የምለው። ስለ እርጥበቱም እኔን ጠይቁኝ። ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ እርጥበቱ 12 በመቶ አካባቢ ካልወረደ ይሻግታል፤ በጅማ ዝናብ ይህን ለማድረቅ የምናየውን አበሳ የሚያውቅ ያውቃል። ሰውም ያለ ፀሐይ እንደዚያው ነው።

የፖርትላንዱ፦ ጋሼ፣ ግን እኔ አይሂድ አላልኩም። ስሕተቴ አስቶሪያ መግባቴ አልነበረም። በሐምሌ ለሦስት ቀን አይቼ በነሐሴ ቤት ተከራየሁ፤ ኅዳርን ሳላይ። ብቻዬንም ነበርኩ። እሱ ሚስትና ልጅ ይዞ ነው የሚሄደው።

የጎሬ ልጅ፦ ለምን አገሩ አይገባም? ደመና ከሆነ የሚፈልገው ጎሬ ይምጣ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፣ ዝናቡም ከጅማ ይበልጣል። ማሻ አለች፣ ጫካዋ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 የዩኔስኮ ጥብቅ ስፍራ የሆነው የሸካ ደን ነው። የሐይቅ እይታ ካማረው ጨንቻ ይውጣ፤ ጉሙ ሲገለጥ ከታች አባያ ይታያል። ባሕሩ ብቻ ነው የሚጎድለን።

የሄርማታዋ፦ ወንድሜ፣ ቃልህ ጣፋጭ ነው፤ እናቴም ይህን ብትሰማ ትስምህ ነበር። ግን ትልቋ ልጁ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ናት፤ አማርኛዋ እንኳ የወጥ ቤት አማርኛ ነው። አሁን ነቅሎ ይምጣ ብዬ አልፈርድበትም። ጡረታ ሲወጣ ጎሬን አስታውሰዋለሁ።

መምህሩ፦ አንድ የዘነጋሁት ከባድ ነገር አለ። ያ ዳርቻ የመሬት መንቀጥቀጥና የሱናሚ ዳርቻ ነው። በእነሱ ጥር 26 ቀን 1700 ባሕሩ ሥር የነበረው ስንጥቅ ተንቀሳቅሶ የተነሣው ማዕበል ጃፓን ድረስ ደርሶ እዚያ ተመዝግቧል። በ1964 ደግሞ አላስካ ላይ በተነሣው መንቀጥቀጥ፣ ከዩሪካ በስተሰሜን ያለችው ክሬሰንት ሲቲ ውስጥ ከአሥር ሰው በላይ ሞቷል። ስለዚህ ቤት ሲፈልግ ከወደቡ አጠገብ ያለውን ይተው። አስቶሪያ ኮረብታ አላት፤ ግን ኮረብታዋም ቦታ ቦታው ላይ ይንሸራተታል፣ ጎረቤት ጠይቆ ይግባ።

ነርሷ፦ የጨለማው ነገርም ቀላል አይደለም። ክረምት በገባ ቁጥር የሚመጣ ድብርት የታወቀ ሕመም ነው፤ ቀን ሲያጥር እንቅልፍ ይበዛል፣ ሰው መገናኘት ያስጠላል፣ ፀደይ ሲመጣ ይለቅቃል። ሕክምና አለው፣ የብርሃን መብራት ፊት መቀመጥም ይረዳል። ሚስቱ ምልክቱን ትወቅ፤ እሱ ራሱን አያውቅም። ቫይታሚን ዲውንም ያስለካ፤ የእኛ ቆዳ በደመና አገር በቂ አያመርትም።

የቡና ነጋዴው፦ እኔ አሁንም ከፊኒክስ ወጥቶ ፖርትላንድ ይግባ ባይ ነኝ። ደመናውም አለ፣ ሰውም አለ። ባሕሩን ሲያምረው ሁለት ሰዓት ነድቶ ይየው።

የሄርማታዋ፦ ትናንት ማታ ሁሉንም አነበብኩለት። ስለ ጫማው ስደርስ ሳቀ፤ ስለ ገናው ስደርስ ዝም አለ። "ፖርትላንድ ትልቅ ከተማ ነው፣ እኔ ትንሽ ነው የምፈልገው" ብሎ ትንሽ ተከራከረኝ፤ የቡና ነጋዴውን ሐሳብ ግን ሚስቱ ወድዳዋለች፣ ገና አልተስማሙም። የተስማሙበት አንድ ነገር ኪራይ ሳይፈርም በታኅሣሥ ሁለት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ ሁሉም አብረው አስቶሪያ እንዲከርሙ ነው፤ ከዚያ በባሕሩ ዳር መንገድ ወደ ዩሪካ ይወርዳሉ። የፖርትላንዱ ወንድማችን በግል ጽፎልኛል፤ ለገና ቤቱ እንዲያልፉ ጠርቷቸዋል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እናቴም ተለሳልሳለች። "ካፊያ ከሆነ ሹራብ አይበቃውም" ብላ ጋቢዋን አጥባ አስጥታዋለች፤ በዚህ ዝናብ ሦስት ቀኑ ነው፣ ገና ጫፉ አልደረቀም። ከኅዳር በፊት ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው የምታውቁ ንገሩኝ። ጋቢውና ሁለት ኪሎ ቡና ብቻ ነው።