ካርቬዲሎል ይቀጥል ወይስ ደም ሥሩ ይታሰር? ግራ ገብቶናል

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ የጉበት ሲሮሲስ አለበት። በቅርቡ ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ የሚደረግ ምርመራ) ሲታይ የምግብ ቧንቧው ታችኛ ክፍል ላይ ያበጡ ደም ሥሮች ተገኙ። ትልልቅ ናቸው ተብለናል፤ ደግነቱ እስካሁን አልደሙም።

የበሽታውን ነገር ለመረዳት ብዙ አንብቤያለሁ። ጉበቱ ጠባሳ ሲሆን ከአንጀት የሚመጣው ደም ማለፊያ ያጣል፤ ስለዚህ በጨጓራና በምግብ ቧንቧ በኩል ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ወደ ጉበት በሚገባውና ከጉበት በሚወጣው ደም ሥር መካከል ያለው የግፊት ልዩነት 10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲደርስ እነዚህ ደም ሥሮች ሊፈጠሩ፣ ከ12 ሲያልፍ ደግሞ ሊፈነዱ ይችላሉ። የአባቴ ግን አልተለካም። ለመለካት በአንገት ደም ሥር ቀጭን ቱቦ ማስገባት ያስፈልጋል።

ችግሩ መድኃኒቱ ላይ ነው። ይህን የውስጥ ግፊት እንዲቀንስለት ካርቬዲሎል ታዘዘለት፤ መድኃኒቱ የመላ ሰውነቱን የደም ግፊትም ይቀንሳል። ነገር ግን በክንድ የሚለካው የደም ግፊቱ ድሮም ዝቅ ያለ ነው። አሁን የላይኛው ቁጥር 90 አካባቢ ይውላል፣ አንዳንዴም ከዚያ ይወርዳል። ሲነሳ ያዞረዋል። አንዱ ሐኪም መጠኑን ቀንሶ ይቀጥል አለ። ሌላው ደግሞ መድኃኒቱ ቆሞ ደም ሥሮቹ በላስቲክ ይታሰሩ ይላል። እንደገባኝ ማሰሩ ያበጡትን ይዘጋል እንጂ የውስጡን ግፊት አይቀንስም። በዚያ ላይ ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚረዳው የደም ክፍል) ዝቅተኛ ስለሆነ ማሰሩ ራሱ እንዳያደማው ፈራን።

ደም ካስታወከ ወይም ሰገራው ከጠቆረ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል መሮጥ እንዳለብን እናውቃለን፤ እሱን ተዉልኝ። እኔ የቸገረኝ ምርጫው ነው። የደም ግፊቱ እንዲህ ዝቅ ያለበት ሰው ያላችሁ ምን ተወሰነላችሁ? በዘርፉ ያላችሁ ሐኪሞችስ፣ በቀጣዩ ቀጠሮ ምን ብለን ብንጠይቅ ይሻላል?