ያዕቆብ መጽናናትን ለምን እንቢ አለ?

ጥያቄ፦
ያዕቆብ በደም የተነከረውን የዮሴፍን ቀሚስ ካየ በኋላ ልጆቹ ሁሉ ሊያጽናኑት ቢነሡም እንቢ ማለቱን፣ እያዘነ ወደ ልጁ እንደሚወርድም መናገሩን በዘፍጥረት 37 ሳነብ እናቴ ትታወሰኛለች፤ ወንድሜ ካረፈ ሁለት ዓመት ቢሞላውም እርሷ ዛሬም እንደ መጀመሪያው ቀን ታለቅሳለች። የአይሁድ ሊቃውንት ይህን እንቢታ እንዴት ፈቱት? ሞት የለያያቸው ቤተሰቦች ይገናኛሉ የሚል ትውፊትስ አላቸው?

መልስ 1፦
የጥንት የአይሁድ ሊቃውንት ቅዱሳት መጻሕፍትን በፈቱበት በሚድራሽ ትርጓሜ መሠረት፣ ሙት ቀስ በቀስ ከልብ እንዲረሳ ፈጣሪ ወስኗል፤ ውሳኔው ግን በሕይወት ላለ ሰው አይሠራምና፣ ዮሴፍ በግብፅ በሕይወት ስለ ነበር የያዕቆብ ሐዘን 22 ዓመት ሙሉ አልበረደም። ይህ ግን ለእናትዎ ዕንባ መለኪያ ሊሆን አይገባም። የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትምህርት ስብስብ የሆነው ታልሙድ ሦስት ቀን ለልቅሶ፣ ሰባት ቀን ለሙሾ፣ ሠላሳ ቀን ደግሞ ጠጉር ላለመቆረጥ ይመድባል፤ ከዚያ በላይ የሚያለቅሱትንም ፈጣሪ ከእኔ ይልቅ ለሟቹ አዛኞች አይደላችሁም እንደሚላቸው ይናገራል። ብዙዎች ይህን እንደ ወቀሳ ያነቡታል፤ እኔ ግን ሟቹ በርኅሩኅ እጅ እንዳለ የሚያረጋግጥ ቃል ሆኖ ይሰማኛል።

መልስ 2፦
ስለ መገናኘቱ በግልጽ የሚናገረው ዞሐር ነው፤ በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በስፔን ብቅ ያለው ይህ የካባላ (የአይሁድ ምሥጢራዊ ትምህርት) መጽሐፍ፣ ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል አባቱንና ዘመዶቹን በዙሪያው እንደሚያይና እንደሚያውቃቸው፣ እነርሱም ነፍሱን ወደ ማረፊያዋ እንደሚሸኟት ይገልጻል።

እኔን ከዚህም ይበልጥ የምትነካኝ የያዕቆብ የልጅ ልጅ፣ የአሴር ልጅ ሤራሕ ናት። በኦሪት ስሟ የሚገኘው በትውልድ ቆጠራ መካከል ብቻ ነው፤ ወደ ግብፅ ከወረዱት ጋር ተቆጥራ፣ ከግብፅ ከወጡትም ጋር ዳግመኛ ስለምትጠቀስ ሊቃውንቱ እጅግ ረጅም ዕድሜ እንደኖረች ተረዱ። በአፈ ታሪኩ፣ ወንድማማቾቹ የዮሴፍን መኖር በድንገት ቢያበሥሩት አባታቸው በድንጋጤ እንዳይሞት ስለ ፈሩ፣ ሤራሕ በገና እየደረደረች ዮሴፍ በሕይወት አለ የሚለውን ቃል በለዘበ ዜማ ደጋግማ አሰማችው። ስለዚህ ሞትን ሳትቀምስ ገነት ገባች ይባላል፤ ዞሐርም በዚያ የጻድቃን ሴቶችን አዳራሽ ከሚመሩት አንዷ ያደርጋታል።

መልስ 3፦
እንደ ሤራሕ የሚያጽናና ዜማ ለሌለን ሰዎች ደግሞ የታልሙዱ መምህር ራቢ ዮሐናን አለ። አሥር ልጆቹን የቀበረው ይህ ሊቅ የአሥረኛውን ልጁን አጥንት ለሐዘንተኞች ያሳይ ነበር። በታልሙድ እንደሚተረከው፣ ባልንጀራው ራቢ አልዓዛር ታሞ ሳለ ዮሐናን ሊጠይቀው በሄደ ጊዜ በጨለማ ክፍል ተኝቶ ሲያለቅስ አገኘው። ስለ ትምህርት ነው? ስለ ድህነት ነው? ስለ ልጆች ነው? እያለ ጠየቀው፤ ያንን አጥንትም አሳየው። አልዓዛር ግን የሚያለቅሰው የዮሐናን ውበት ወደፊት በአፈር ስለሚበሰብስ እንደሆነ መለሰለት። ዮሐናንም ለዚህስ ማልቀስህ ተገቢ ነው አለው፤ ሁለቱም አብረው አለቀሱ። ቀጥሎ መከራህ ለአንተ የተወደደ ነውን ሲለው፣ አልዓዛር መከራውም ዋጋውም ይቅርብኝ አለ። ዮሐናን እጅህን ስጠኝ አለው፤ እጁንም ይዞ አስነሣው።