ኜንጋቱ የማን ቋንቋ ነው?

አስጀማሪው፦ ብራዚል ውስጥ ሳኦ ጋብሪኤል ዳ ካሾዬራ የምትባል የአማዞን ከተማ አለች። በ2002 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ኜንጋቱን፣ ቱካኖንና ባኒዋን ከፖርቱጋልኛ ጎን የሥራ ቋንቋ አደረገች። የኜንጋቱ ነገር ግን አይዋጥልኝም። ከአትላንቲክ ዳርቻ ነባር ሕዝቦች፣ ከቱፒዎች ወስደው አማዞን ውስጥ ያስፋፉት ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ናቸው፤ በሱስንዮስ ዘመን እኛም ዘንድ የነበሩት። የባሬ ሕዝብ የራሱን ቋንቋ ትቶ የያዘው እሱን ነው። ስሙ ራሱ «መልካም ቋንቋ» ማለት ነው። ሌሎቹስ ምን ሊባሉ ነው?

መላሿ፦ ወንድሜ፣ የሚሲዮኖቹን ነገር አልክድም። ግን እስቲ ግሱን እየው። «አሱ» እሄዳለሁ፣ «ሬሱ» ትሄዳለህ፣ «ኡሱ» ይሄዳል። አጥንቱ ቱፒ ነው፤ ሚሲዮን አልፈጠረውም። ደግሞስ የቅኝ ገዢው ቋንቋ ቢሆን ለምን ያሳድደዋል? በ1757 የፖርቱጋል አገዛዝ ለነባር ሕዝቦች ባወጣው ደንብ ላይ «አስጸያፊና ሰይጣናዊ ፈጠራ» ብሎ ጻፈበት። ልጆች ፖርቱጋልኛ እንጂ ሌላ እንዳይናገሩ አዘዘ። ከ1835 እስከ 1840 እዚያው አማዞን ውስጥ በተነሣው የካባናጅም አመፅ ከ30 ሺህ በላይ ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በዚህ ቋንቋ ነበር። ከዚያ የጎማ ንግድ መጣና ፖርቱጋልኛ ተናጋሪውን ከሰሜን ምሥራቅ አግተልትሎ አመጣው። ይሄ ሁሉ አልፎ፣ ሪዮ ኔግሮ ወንዝ ዳር ሰው ዛሬም «ፑራንጋ አራ» ብሎ ሰላም ይባባላል። ባሬዎች ቋንቋችን የሚሉት እሱን ነው። ከእጃቸው ነጥቀን ምን ልንሰጣቸው ነው? ፖርቱጋልኛ?

አስጀማሪው፦ የ1757ቱን አላውቅም ነበር፣ ልክ ነሽ እህቴ። ባሬዎች የእኛ ካሉ የእነሱ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ የባኒዋ ነገር ነው። ከባኒዋዎችም ከፊሎቹ ወደ ኜንጋቱ ዞረዋል እኮ። ትልቁ ሲደገፍ ትንሹ ይዋጣል።

ሌላ ተሳታፊ፦ ስጋቱ ስጋቴ ነው። በ2023 የብራዚል ሕገ መንግሥት በኜንጋቱ ተተርጉሞ እዚያችው ከተማ ሲመረቅ ከልቤ ደስ ብሎኛል። በአገሪቱ ነባር ቋንቋ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። ባኒዋ ግን ገና ይጠብቃል። መፍትሔው ኜንጋቱን ከሕጉ ማውጣት አይመስለኝም። ሕጉ ማዘጋጃ ቤቱ በሦስቱም ቋንቋዎች፣ በቃልም በጽሑፍም እንዲያስተናግድ ያዛል። እንግዲህ ባኒዋ የሚችል ሰው መስኮቱ ላይ ይቀመጥ ብለን እንሟገት እንጂ፣ ኜንጋቱ የሚችለው ይነሳ አንበል።