በሸራ ላይ የተተወ ባዶ ቦታ የሥዕሉ አካል የሚሆነው መቼ ነው?

ከታቦር ግርጌ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በሐዋሳ የምኖር ሠዓሊ ስሆን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የምሠራቸው ረቂቅ (አብስትራክት) ሥዕሎች አብዛኛው ክፍላቸው ባዶ የሆነ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ወርዱ 1.20 ሜትር፣ ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ በነጭ መደቡ ላይ ከቀኝ ታችኛው ጥግ አካባቢ ከተሠመረች፣ ጣት ከማትሞላ ቀይ የአፈር ቀለም መስመር በቀር ምንም የለበትም። ሥዕሉ በአንድ ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ ተሰቅሎ በነበረበት ጊዜ ከተመልካቾች ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ «መቼ ነው የሚያልቀው?» የሚል ነበር። እኔ ደግሞ ከመስመሩ ይልቅ ብዙ የደከምኩት በነጩ ላይ ነው። ባዶው ቦታ ታስቦበት የተሠራ እንጂ የተረሳ አለመሆኑን ለዓይን የሚነግረው ምንድን ነው? አጠገቡ ማብራሪያ መለጠፍስ ይገባል ትላላችሁ?

የሥዕል መምህርት

ጥያቄዎ መቶ ዓመት ያለፈው ነው። ሠዓሊው ካዚሚር ማሌቪች እ.ኤ.አ. በ1918 በነጭ መደብ ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ሣለ፤ ሆኖም ሥዕሉን ልብ ብሎ ለሚመለከተው ሁለቱ ነጮች አንድ አይደሉም። አራት ማዕዘኑ ቀዝቀዝ ብሎ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ መደቡ ሞቅ ያለ ነው፤ የቡርሹም ዱካ ይታያል፤ ቅርጹ ዘመም ብሎ ስለተቀመጠም የሚንሳፈፍ ይመስላል። ባዶነቱን የፈጠሩት እነዚህ ጥቃቅን ልዩነቶች ናቸው።

ምክንያቱ ዓይናችን ርቀትንና ስፋትን የሚገምተው ከጠርዝ፣ ከጥላና ከቀለም ልዩነት ተነሥቶ መሆኑ ነው። እነዚህ በሙሉ ከተወገዱ የሚቀረው ሰፊ ቦታ ሳይሆን፣ ቅርብ ይሁን ሩቅ የማይለይ ጭጋግ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጋንዝፌልድ የሚሉት ይህንን ሲሆን፣ አሜሪካዊው ጀምስ ቱረል ማዕዘናቸው የተሰወረና በአንድ ወጥ ብርሃን የተሞሉ ክፍሎችን የሠራው በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ነው። እርስዎ ግን ያሉት ሐዋሳ ስለሆነ ሙዚየም መፈለግ አይጠበቅብዎትም፤ በክረምት ማለዳ ሐይቁና ሰማዩ አንድ ዓይነት ግራጫ በሚሆኑበት ሰዓት በአሞራ ገደል በኩል ቆመው ቢመለከቱ ውኃው የት ላይ እንደሚያበቃ አይለዩም፤ አንዲት የዓሣ አጥማጅ ጀልባ ብቅ ስትል ግን ርቀቱ ሁሉ በአንዴ ቦታ ቦታውን ይይዛል። የእርስዎ ቀይ መስመር የጀልባዋን ያህል ይሠራል ወይ? የሸራውን ጠርዝ የሚነካ ከሆነ ዓይንን ይዞ ከሥዕሉ ይወጣል፤ ጥቂት ወደ ውስጥ ከገባ ግን የቀረው ነጭ በእርሱ መለካት ይጀምራል።

ክፈፍ ሠሪው

ሁሉም ስለ ሸራው ተናገረ፤ እኔ ስለ ግድግዳው ልጠይቅ። የሆቴሎቻችን ግድግዳ ብዙውን ጊዜ ክሬም ቀለም የተቀባ ነው፤ ነጭ ሸራ በዚያ ላይ ሲሰቀል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ይመስላል፤ የጣሪያው መብራት ቢጫ ከሆነ ደግሞ የእርስዎ ነጭ ሌላ ነጭ ይሆናል። ወርቃማ ሰፊ ክፈፍ ከገባበትም ተመልካቹ በመስኮት የሚታይ ነገር ስለሚጠብቅ «ነገሩ የታለ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ያለ ክፈፍ ይስቀሉት፤ ወይም ከሸራው ጎን ጣት የምታስገባ ክፍተት ትተው በቀጭን እንጨት ያስከብቡት። ያቺ ክፍተት የምትጥለው ጥላ ሸራው ራሱን የቻለ ዕቃ መሆኑን ታሳያለች።

የአርክቴክቸር ተማሪ

«ባዶ ቦታ መሥራት የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ካጋጠመዎት ቤተ ጊዮርጊስን ያስታውሱ። የላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ በመደርደር ሳይሆን ድንጋይ በማንሣት የተሠሩ ናቸው፤ ቤተ ጊዮርጊስም 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ወርዶ የቆመው ዙሪያው ስለተፈለፈለ ብቻ ነው። ጠራቢዎቹ በእጃቸው ያወጡት ባዶውን ነው፤ ሕንፃው የተረፈው ነው። እርግጥ ነው፣ ይህ ሥነ ሕንፃ ስለሆነ ወደ ሥዕል ሳይጠነቀቁ ማዛወር አይገባም።

ዓይን በባዶነት ምን ያህል እንደሚታለል ግን አንድ ምሳሌ ልጨምር። ቀራፂው አኒሽ ካፑር እ.ኤ.አ. በ1992 በሠራው አንድ ሥራ 2.5 ሜትር ጥልቀት ያለውን ጉድጓድ ውስጡን እጅግ ጥቁር ስላደረገው፣ ከላይ ለሚያየው ወለሉ ላይ የተቀባ ጥቁር ክብ ይመስላል። በ2018 ሥራው ፖርቱጋል ውስጥ በፖርቶ ከተማ ሲታይ አንድ ጎብኚ ወድቆበት ተጎድቷል። ጥልቀቱ በቦታው ነበር፤ ለዓይን ምልክት የሚሰጥ ጥላና ጠርዝ ግን አልነበረም።

ተመልካች ነኝ

ከላይ የተባለውን ባልቃወምም ጥፋቱን ሁሉ በክፈፍና በመብራት ማላከክ አይመስለኝም። ሠዓሊ ያልሆነ ሰው ሆቴል የሚገባው አልጋ ሊይዝ ወይም ቡና ሊጠጣ ነው፤ ባዶ ነገርን ለማየት አልተዘጋጀም። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኢቭ ክላይን እ.ኤ.አ. በ1958 ፓሪስ ውስጥ አንድ ጋለሪ ባዶ አድርጎ ግድግዳውን ነጭ ሲቀባ በመግቢያው ላይ ሰማያዊ መጋረጃ ሰቅሎ ነበር። ማለትም ባዶውን ያየ ሁሉ አስቀድሞ በሌላ ነገር በኩል አልፏል። ማብራሪያውን ግን አልደግፍም፤ በወረቀት ላይ «ይህ ባዶነትን ይገልጻል» ተብሎ ከተለጠፈ ሰው ወረቀቱን አንብቦ ይሄዳል።

ከታቦር ግርጌ

ስለ ሁሉም መልስ አመሰግናለሁ። መስመሩ የቀኙን ጠርዝ ይነካል። ሸራውን ከክፈፉ አውጥቼ ወደ ውስጥ በገባ መስመር ሌላ ለመሥራት አስቤያለሁ፤ መምህርት፣ የነጩን ሙቀት መለወጥ ያለብኝ በመደቡ ላይ ነው ወይስ ከላይ በሚቀባው ላይ?

የሥዕል መምህርት

ከላይ በሚቀባው ላይ ይሁን። መደቡን በተለመደው ነጭ ይጨርሱትና ሲደርቅ፣ በጣም ጥቂት ኦከር (ቢጫማ የአፈር ቀለም) የተቀላቀለበት ስስ ነጭ በግማሹ ላይ ብቻ ያሳልፉ፤ ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ በደረቅ ቡርሽ ያለስልሱት። በቀን ብርሃን ሳይሆን ሥዕሉ በሚሰቀልበት ክፍል መብራት ሥር ይመልከቱት፤ ልዩነቱ እዚያ ካልታየ ኦከሩን በጥቂቱ ይጨምሩ።