ምንጣፍ ላይ አልወዛወዝ ላለ ወንበር የምጠቁማችሁ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ቁጭ ብላ ቀስ እያለች ስትወዛወዝ ይሻላታል ብለን የዋንዛ ተወዛዋዥ ወንበር አሠራንላት። ሴራሚኩ ላይ ጥሩ ይሄድ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ወፍራም ፀጉራም ምንጣፍ አነጠፍን። ከዚያ በኋላ ወንበሩ እምቢ አለ። እማዬ በእግሯ እየገፋች ስታስነሳው ጭራሽ ጉልበቷ ባሰበት። መላ የፈለግኩት ለዚህ ነው። ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ የሞከርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ጎንበስ ብዬ ምንጣፉን አየሁት። ሁለት ቦይ ተቆፍሮበታል። የወንበሩ ቅስት እግሮች ስፋታቸው ሁለት ጣት ቢሆን ነው። የሰው ክብደት በሁለት ቀጭን መስመር ላይ ሲያርፍ ፀጉሩን ይደፍቀዋል። ወንበሩ በተወዛወዘ ቁጥር ከገዛ ራሱ ጉድጓድ መውጣት አለበት። አንደኛው ቅስት ጫፍ ላይ ደግሞ ስንጥር ነበረ፤ የምንጣፉ ክር ተጠምጥሞበታል።

ስለዚህ በርካሹ ጀመርኩ። የሕንፃ መሣሪያ ከሚሸጡት ሱቆች 120 ቁጥርና 220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ገዛሁ። ሻካራውን አስቀድሜ፣ ለስላሳውን አስከትዬ ቅስቶቹን ፈተግኳቸው። ከዚያ ነጭ ሻማ አሸሁባቸው። ክር መያዙ ቀረ፣ ሲጢጥ የሚለው ድምፅም ጠፋ። መስመጡ ግን ያው ነው። ምንጣፋችሁ ስስና ፀጉሩ አጭር ከሆነ ይሄ ብቻ ሊበቃችሁ ይችላል። ሴራሚክ ላይ ግን ሻማ አትቀቡ፤ ሰው ይዞ ይንሸራተታል።

ቀጥሎ የቢሮ ወንበር ሥር የሚነጠፈውን ግልጽ ፕላስቲክ ገዛሁ። ለምንጣፍ የሚሆነው ከሥሩ ጥርስ ያለው ነው፤ ጥርስ የሌለው ወደ ፊት ይሸሻል። የኔው ስስ ስለነበረ ቅስቱ ካረፈበት ሰረጎደ፣ ወር ሳይሞላው ተሰነጠቀ። ወፍራም ካገኛችሁ አይከፋም። በሜትር የሚሸጠው ፕላስቲክ ምንጣፍ ግን ለዚህ አይሆንም፤ ጣት ሲጫነው እንኳ ይሰምጣል።

ቅስቶቹን በጣውላ ላስሰፋቸው ብዬ ወደ ሰፈራችን እንጨት ቤት ሄድኩ። አናጢው ትልቅ ሰው ናቸው። ወንበሩን ገልብጠው በመዳፋቸው ዳበሱትና፣ «ልጄ፣ ይሄን አትንኪው። አንዱ ቅስት ከሌላው ትንሽ ከተለየ ወንበሩ ወደ ጎን መሄድ ይጀምራል። ይልቅ የሚቆምበትን አጠንክሪለት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምጠቁማችሁም ይሄንኑ ነው፤ 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፣ ማለትም ስስ የእንጨት ንጣፎች ተደራርበው የተለጠፉበት ጣውላ፣ ምንጣፉ ላይ አንጥፉለት። አንድ ሙሉ ጣውላ 244 በ122 ሳንቲ ነው። ለእኛ ግማሹ በቃን። ከማስቆረጣችሁ በፊት ሰው ይቀመጥበትና እስከ መጨረሻው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዝ። ቅስቱ የነካበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉና በየአቅጣጫው አንድ ስንዝር ጨምሩ። ጠርዙን አስሞርዱት፤ እማዬን የመሰለ እግሩን የሚጎትት ሰው ቤት ካለ ይሄን እንዳትረሱ። እኛ ከላዩ ፀጉሩ በጣም አጭር የሆነ የምንጣፍ ቁራጭ በማስቲሽ አስለጠፍንበት። ቅስቱ እንጨት ለእንጨት አይንኳኳም፣ ከሳሎኑም ጋር ይሄዳል።

ከእንጨት ፍቅፋቂ ተጨምቆ በሚሠራው በቺፑድ እንዳትታለሉ። ዋጋው ይቀንሳል፤ ግን ቤት ሲወለወል ውሃ ከነካው ያብጣል፣ ጠርዙም ይፈረፈራል። ከደቀቀ እንጨት የሚጨመቀው ኤምዲኤፍም ውሃ አይወድም።

የት ይገዛ ላላችሁ፣ መርካቶ ምርጫው ሰፊ ነው። ያገለገለም ቢሆን አይከፋኝም የሚል ምናለሽ ተራን ይይ። ግን ከእኛ ሰፈር መርካቶ ሩቅ ነው፣ ጣውላ ይዞ ታክሲ መሳፈርም አይታሰብም። የመኪናው ኪራይ ሲደመር ትርፍ የለውም። ሰፈራችሁ ያሉት እንጨት ቤቶች ከሌላ ሥራ የተረፈ ቁራጭ አያጡም፤ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። እኔ ከወንድሜ ጋር ተሸክመነው ነው ቤት የገባነው።

ጣውላውም ተነጥፎ ወንበሩ ወደ አንድ ጎን ከሸሸ ወለሉ ዘንበል ብሎ ሊሆን ይችላል። ውሃ ልክ ካለው ሰው ተዋሱና እዩት፤ ዝቅ ካለው በኩል ሥሩ ስስ ጎማ ማስገባት ይበቃል።

አሁን እማዬ ቡና እስኪፈላ እየተወዛወዘች ትጠብቃለች። በእግር ጣቷ ጫፍ ወለሉን ነካ ካደረገች ይሄድላታል።

ከጀሞና ከለቡ ለጠየቃችሁኝ፣ በዚያ በኩል ያሉትን እንጨት ቤቶች አላውቃቸውም። ግማሽ ጣውላ ቆርጦ የሚሸጥ የምታውቁ እባካችሁ ጻፉላቸው።