የዕቅድ ውይይት፦ የሚያዝያ 27 ጉዞ ወደ ዉድፎርድ

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልን። ለካውንስሉ (ለአካባቢው አስተዳደር) የምናስገባው ማመልከቻ ረቂቅ ይኸውላችሁ። ሁለት ነገር እንጠይቃለን፦ በየዓመቱ ሚያዝያ 27 በሰሜን ምሥራቅ ለንደን ዉድፎርድ ላይ የጣሊያንን ወረራ የተቃወሙትን እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስትን የምንዘክርበት የእግር ጉዞ፣ እና ከጣቢያው ፊት ለፊት በስማቸው በተሰየመው መናፈሻ በአማርኛም የተጻፈ ሰሌዳ። ቀኑ ለእኛ ከባድ ቀን ነው። ፋሺስት ጣሊያን አዲስ አበባ በገባበት በሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የሳቸው ጋዜጣ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የመጀመሪያ ዕትም ይኸንኑ ቀን ይዞ ወጣ፤ ከዚያም ሃያ ዓመት አላቋረጠም። ጃንሆይ አዲስ አበባ የተመለሱትም በአምስተኛው ዓመት በዚሁ ዕለት ነው።

የጉዞ ኃላፊ፦ እደግፋለሁ። ግን ረቂቁ መንደሩን ዘሎታል። ዉድፎርድ በ1086ቱ የእንግሊዝ የመሬት መዝገብ የተጻፈ፣ የዋልተም ገዳም ርስት የነበረ ቦታ ነው። ባቡር የገባው እ.ኤ.አ. በ1856 ሲሆን የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ሴንትራል ላይን የደረሰው በታኅሣሥ 1947 ነው። ስለዚህ በወረራው ዘመን ከለንደን በባቡር ወደ ሲልቪያ ቤት የሚሄድ ሰው ከሊቨርፑል ስትሪት በእንፋሎት ባቡር ነበር የሚሳፈረው። ይህ በማመልከቻው ቢገባ ጉዞው ከጣቢያው ለምን እንደሚነሣ ራሱ ይናገራል። ቤታቸው ቻርተሪስ ሮድ ላይ፣ ከሐዲዱ አጠገብ ነበር፤ ዛሬ ቤቱ የለም።

የወጣቶች ተወካይ፦ ጋሼ፣ የድንጋዩ ቦምብስ? ለእኔ ዋናው እሱ ነው። ሃይ ሮድ ላይ በአፍንጫው የተተከለ የድንጋይ ቦምብ፣ ከሥሩ እ.ኤ.አ. በ1932 በአውሮፕላን የመደብደብ መብትን ለደገፉት በተቃውሞ እንደቆመ የሚገልጽ ጽሑፍ አለው። ሲልቪያ አሁን ባለበት ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ ደሴ በቦምብ ከተደበደበች ዓመት እንኳ አልሞላም። እዚያ ሳንደርስ ከተመለስን ጉዞው ጎዶሎ ነው።

የእናቶች ክፍል፦ ልጄ፣ ልክ ነህ፤ ግን ከጣቢያው ሃያ ደቂቃ ገደማ፣ ያውም ዳገት ነው። ለአረጋውያን አውቶቡስ ይታሰብ። ደግሞ ቅዳሜና እሑድ መስመሩ ለጥገና እየተዘጋ ስንቴ ተንገላታን? ዕለቱ በሥራ ቀን ቢውልም ማታ ማታ እናድርገው፤ በዚያ ወቅት ብርሃኑ አይቸኩልም።

ገንዘብ ያዥ፦ አንድ ነገር። መንገዳችን ላይ ያለው ሰፊ ሜዳ የኤፒንግ ደን አካል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878ቱ ሕግ ጀምሮ የሚያስተዳድረው የሲቲ ኦፍ ለንደን ኮርፖሬሽን እንጂ ካውንስሉ አይደለም። ሁለት ደብዳቤ ያስፈልገናል። ሜዳው ላይ የቸርችል ሐውልት አለ፤ የአካባቢው የፓርላማ ተወካይ ነበሩ። እዚያ ንግግር ይደረግ ይሆን?

የወጣቶች ተወካይ፦ አይደረግ። አልፈነው እንሂድ። ቀኑ የሲልቪያና የአርበኞቻችን ነው።

ጸሐፊ፦ ተስማምተናል። የተሻሻለው አንቀጽ፦ «ጉዞው ከዉድፎርድ ጣቢያ ምሽት 12 ሰዓት ይነሣል፤ በመናፈሻው የሕሊና ጸሎት አድርጎ በስኔክስ ሌን ዳገት ወጥቶ የድንጋዩ ቦምብ ጋ ያበቃል። መራመድ የማይችሉ በመኪና ይወሰዳሉ። ሰሌዳው ሲልቪያ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ማረፋቸውን ይገልጻል።» የእንግሊዝኛውን የጉዞ ኃላፊው፣ የኮርፖሬሽኑን ደብዳቤ ገንዘብ ያዡ ያዘጋጁ። እርማት ያለው እስከ እሑድ ማታ ይጻፍልኝ።