ካሮ-ካን (በቼዝ የጥቁር መክፈቻ)፦ 7ኛው እርምጃ ላይ ኤች6 ለምን አይሆንም?

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1997 ኒውዮርክ ላይ የቼዝ ሻምፒዮኑ ካስፓሮቭ 6ኛውን ጨዋታ በዲፕ ብሉ ኮምፒውተር በ19 እርምጃ ተሸነፈ። የጥቁር ወታደር ኤች6 ላይ ሲገፋ የጂ5ን ፈረስ ያባርራል፤ ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው? ካሮ-ካንን ለውድድር እያጠናሁት ነው።

መልስ፦ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው (× ማለት መብላት ነው)። 1.ኢ4 ሲ6 2.ዲ4 ዲ5 3.ፈረስ ሲ3 ዲ×ኢ4 4.ፈረስ×ኢ4 ፈረስ ዲ7 5.ፈረስ ጂ5 የጂ8 ፈረስ ኤፍ6 6.ቢሾፕ ዲ3 ኢ6 7.የጂ1 ፈረስ ኤፍ3። እዚህ ኤች6 ከገፋህ ፈረሱ አይሸሽም፤ 8.ፈረስ×ኢ6! ወዲያው ከበላኸው ቢሾፑ ጂ6 ላይ ቼክ ይልሃል፣ ንጉሥህ ኢ7 ላይ ወጥቶ የራሱን የኤፍ8 ቢሾፕ ይዘጋል። ካስፓሮቭ ንግሥቱን ኢ7 ላይ አስቀድሞ ከዚያ በላ፤ ቢሾፑ ያው ተዘጋ፣ ንጉሡም ዲ8 ላይ መሀል ቀረ። ለማሽን ከዚህ የተመቸ ቦታ የለም።

ሌላ መልስ፦ መጀመሪያ 7...ቢሾፕ ዲ6 (ሦስቱ ነጥብ የጥቁር እርምጃ ማለት ነው) ተጫወት። 8.ንግሥት ኢ2 ሲል ያኔ ኤች6 ግፋ፤ ፈረሱን ቢሰዋ እንኳ ንጉሥህ በኢ7 አድርጎ ኤፍ8 ይገባል። ስለዚህ ነጭ 9.ፈረስ ኢ4 ይመለሳል፣ አንተም ፈረሱን ትለውጣለህ።

አንድ ልጨምር፦ ነጭ 5.ንግሥት ኢ2 ካለ የጂ8ን ፈረስ ኤፍ6 ላይ እንዳታወጣ! 6.ፈረስ ዲ6 ማት ነው፤ የኢ7 ወታደር ከበላ ንጉሡ ለንግሥቷ ስለሚጋለጥ መንቀሳቀስ አይችልም።